ቁጥር 10 ቁልፍ ስትጠፋ

መኪናችሁን በገዛ እጃችሁ የምትጠግኑ ከሆነ ቁጥር 10 ቁልፍን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ከመሣሪያ ሣጥኑ መጀመሪያ የምትወጣው፣ ወደ ሣጥኑም ሳትመለስ የምትቀረው እርሷ ናት። ለዚህም ምክንያት አለው። ከተማችንን የሞሉት አብዛኞቹ መኪኖች ከጃፓን የመጡ ናቸው፤ በእነርሱም 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን በቁጥር 10፣ የ8ቱ በ12፣ የ10ሩም በ14 ይፈታል። የባትሪው ማሰሪያ፣ የአየር ማጣሪያው ቤት፣ የሽቦ መያዣዎቹና የፕላስቲክ መሸፈኛዎቹ በብዛት የተያዙት በቀጭኑ ብሎን ስለ ሆነ፣ ሌሎቹ ቁልፎች አንድ ጊዜ ሲነሡ ቁጥር 10 ዐሥር ጊዜ ትነሣለች። ዐሥር ጊዜ የምትነሣ ደግሞ ዐሥር ጊዜ ትቀመጣለች፤ የምትጠፋውም በመነሣቷ ሳይሆን በመቀመጧ ነው።

ነገሩ ለጽሑፍ የማይበቃ ትንሽ ጉዳይ መስሎ የሚታያችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ የቁልፏ ዋጋ አይደለም፤ ከጠፋችበት ሰዓት አንሥቶ እስክትገኝ ድረስ ከአንደበታችን የሚወጣው ቃል ነው። እጃችን በዘይት እንደ ጨቀየ፣ ፀሐይ እያዘቀዘቀች፣ ቁልፏን ካስቀመጥንበት ስናጣት መጀመሪያ የሚመጣልን ጥያቄ የቱ ነው? «የት ወደቀች?» የሚለው ነው ወይስ «ማን ወሰዳት?» የሚለው? በብዙ ግቢ እንደ ታዘብሁት ሁለተኛው ይቀድማል። እኔ ደግሞ መቅደም የለበትም እላለሁ፤ ብዙ ጊዜም ጨርሶ መጠየቅ የለበትም።

ሥራ ላይ ስለ ጠፋ መሣሪያ ቅዱስ መጽሐፍ የሚተርከው ታሪክ አለ፤ በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 6 ላይ ይገኛል። የነቢያት ልጆች የሚኖሩበት ቦታ ጠበባቸውና ለቤት የሚሆን እንጨት ሊቆርጡ ወደ ዮርዳኖስ ወረዱ፤ ነቢዩ ኤልሳዕም አብሯቸው ሄደ። አንዱ ግንድ ሲቆርጥ የምሳሩ ብረት ወልቆ ውኃው ውስጥ ገባ። ይህን ታሪክ ስንሰማ ሁላችንም ወደ ተአምሩ፣ ወደ ብረቱ መንሳፈፍ፣ እንቸኩላለን። ከዚያ በፊት የሆኑትን ሁለት ነገሮች ግን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ ሰውየው ብረቱ እንደ ወደቀ ወዲያው መጮኹ ነው፤ ምሳሩ የራሱ አልነበረምና፣ የሰው ዕቃ ተውሶ ነበርና። አልደበቀም፤ እስከ ማታም አልቆየም። ሁለተኛው፣ የነቢዩ ጥያቄ ነው። ኤልሳዕ የጠየቀው ብረቱ የወደቀበትን ቦታ ነው። ማን እንደ ጣለው፣ እጀታውን ማን አላልቶ እንደ ሰጠው፣ በዚያ ሰዓት አጠገቡ ማን እንደ ነበር አልጠየቀም። ሰውየው ቦታውን አሳየው፤ ተአምሩም የተደረገው ቦታው ከታወቀ በኋላ ነው። ነቢይ ነውና ሳይነገረውም ያውቅ ነበር የሚል ቢኖር አልቃወመውም። እያወቀ «የት» ብሎ መጠየቁ ግን ለእኛ፣ ለማናውቀው፣ ይበልጥ የሚያስተምር ይመስለኛል።

እንግዲህ ቁልፍ የት ይወድቃል? የቀድሞ መኪና ኮፈኑ ሲከፈት መሬቱ ይታይ ነበር፤ የወደቀ ብረትም መሬት ላይ ሲንቃጨል ይሰማ ነበር። ዛሬ ግን በብዙዎቹ መኪኖች ከሞተሩ ሥር ጭቃና ውኃ የሚከላከል የፕላስቲክ መከለያ ተዘርግቷል። ቁልፏ እዚያ ላይ ዐርፋ ትቀራለች፤ ድምፅም አታሰማም። መሬቱን ብትጠርጉት፣ በመኪናው ሥር ተኝታችሁ ብታዩ አታገኟትም፤ መሬት የለችምና። አንዳንዴም በሞተሩና በማርሽ ሳጥኑ መጋጠሚያ ላይ፣ ባትሪው በተቀመጠበት ሳሕን ጥግ፣ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ባለው ገንዳ፣ ወይም ራዲያተሩን ከላይ በያዘው ብረት ላይ ተጋድማ ትገኛለች። ቡሶላ ከሆነች ደግሞ ከእጀታዋ ተላቅቃ በብሎኑ ራስ ላይ እንደ ተሰካች የምትቀርበት ጊዜ አለ፤ ከሁሉ የሚያታልለውም ይህ ነው፤ ዐይን ብሎኑን እያየ ቡሶላዋን አያያትምና። እጃችሁን የጠረጋችሁበት ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልላ ከጨርቁ ጋር ወደ ቆሻሻ የተጣለች ቁልፍም አትታጣም። የገዛ ኪስንም መርሳት አይገባም፤ የኋላ ኪስን በተለይ።

ፍለጋውም ሥርዐት አለው። መብራቱን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከጎን አግድም ያዙት፤ ከላይ ሲበራ ሁሉም ብረት ያበራል፣ ከጎን ሲበራ ግን የቁልፏ ጥላ ይለያታል። መጨረሻ የፈታችሁትን ብሎን አስቡ፤ እዚያ በቆማችሁበት ቆማችሁ እጃችሁ ሳይዘረጋ የሚደርስበትን ሁሉ ፈልጉ፤ ሰው በሥራ መካከል ዕቃ ሲያስቀምጥ ሩቅ አይሄድምና። እጅ በማይገባበት ጠባብ ቦታ ረጅም እጀታ ያለው ማግኔት ይረዳል፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም፤ ከመሣሪያዎቻችሁ መካከል ባይጠፋ መልካም ነው። ይህ ሁሉ አልሆን ሲል የፕላስቲክ መከለያውን መፍታት ነው። አድካሚ መሆኑን ዐውቃለሁ፤ ብሎኖቹ ጭቃ ጠግበዋል፣ መያዣዎቹም ይሰበራሉ። ነገር ግን ይህን ድካም ሳትደክሙ ወደ ሰው ፊታችሁን አታዙሩ።

በምኖርበት ሰፈር የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ጎረቤቴ፣ ጠንቃቃና ለሰው የሚራራ አባወራ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የዲናሞውን ቺንጋ ሊቀይር ኮፈኑን ከፈተ። መብራት የሚይዝለት በግቢው ተከራይታ የምትኖር የአንዲት እናት ልጅ ነበር፤ ዕድሜው 14 ዓመት ይሆናል። ልጁ ሥራ ወዳድ ነው፤ ኮፈን የተከፈተ ባየ ቁጥር ሳይጠራ ይመጣ ነበር። ሥራው ሊያልቅ ሲል ቁጥር 12 ቁልፍ ታጣች። ልጁ በመካከል ውኃ ሊጠጣ ወደ ቤት ገብቶ ተመልሶ ነበር፤ ያ ብቻ በቂ ሆነ። ኪሱ ተፈተሸ። ኪሱ ባዶ ሲሆን ነገሩ ያበቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላበቃም፤ ባዶ መሆኑ ራሱ ሌላ ጥርጣሬ ወለደ፤ «ቤት ሲገባ አስቀምጧት ይሆናል» ተባለ። ይህ ሁሉ የተባለው በግቢው መካከል፣ ተከራዩ ሁሉ እየሰማ ነው። እናቱ ወጥታ ምንም አልተናገረችም፤ ልጇን በእጁ ይዛ ገባች።

ከአራት ወር በኋላ መኪናው ዘይት ሊቀየርለት ሄደ። መካኒኩ ከሥር ያለውን መከለያ ሲፈታ ቁልፏ ወርዳ እግሩ ሥር ወደቀች፤ ዝገት ጀምሯት ነበር። ጎረቤቴ ይዟት መጥቶ አሳየኝ፤ እጁ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ያያት ነበር። እናትና ልጅ በዚያን ጊዜ ቤቱን ለቅቀው ወደ ሌላ ሰፈር ከሄዱ ሁለት ወር ሆኗቸዋል።

ጎረቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ደግሜ የምናገረው ነገሩ የክፉዎች ጠባይ ተደርጎ እንዳይወሰድ ነው። መጽሐፈ ጦቢትን ያነበበ ሰው ያስታውሳል፤ ጦቢት ለድኻ የሚመጸውት፣ ሬሳ የሚቀብር፣ ስለ ጽድቁ የተሰደደ ሰው ነበር። ዐይኑ በጠፋ ጊዜ ሚስቱ ሐና በእጇ ሥራ እየደከመች ቤቱን ታስተዳድር ነበር። አንድ ቀን አሠሪዎቿ ከደመወዟ በላይ የፍየል ጠቦት ጨምረው ሰጧት። ጦቢት ጠቦቱ ሲጮኽ ሰማ፤ የተሰረቀ ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ስጦታ መሆኑን ብትነግረውም አላመናትም፤ መልሺ አላት። ጻድቅ ነበር፤ ነገር ግን አያይም ነበር። ስርቆትን መጥላቱ መልካም ነው፤ የተሳሳተው በማያየው ነገር ላይ በመፍረዱ ነው። ቁልፍ የጠፋበት ሰውም በዚያች ሰዓት እንደ ጦቢት ነው፤ የቁልፏን መታጣት ያውቃል፣ ያለችበትን ግን አያይም።

ዕቃው በሰው እጅ ቢገኝ እንኳ ነገሩ ያለቀ እንዳይመስላችሁ። የዮሴፍ የብር ጽዋ የተገኘው በብንያም ዓይበት ውስጥ ነው፤ ብንያም ግን አልሰረቀም፤ ጽዋውን ያስቀመጠው የዮሴፍ ቤት አዛዥ ነበር። ዓይበቱ ተፈትሿል፣ ዕቃው ተገኝቷል፣ ምስክሩ ሁሉ ቆሟል፤ ሰውየው ግን ንጹሕ ነው። የቁልፍ ጉዳይ ከዚህ ይልቅ ቀላል ነው፤ በሰፈር ውስጥ አንድ ዓይነት ቁልፍ ስንት ቤት አለ! ቁጥር 10 ቁልፍ በሌላ ሰው ሣጥን ውስጥ ማየት ምስክር ሊሆን አይችልም።

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ዕቃ ሲጠፋ የሚደረጉ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ አውጫጭኝ ነው፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ ይጠየቅ ነበር። ሥራ ያስፈታል፣ ያሰለቻል፤ ቢያንስ ግን ሁሉንም እኩል ይጠይቅ ነበር። ሌላው ሌባ ሻይ ነው። ለአንድ ልጅ የሚያናውዝ ነገር ይጠጣና እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ዛሬ ይህን ስንሰማ እንስቃለን፣ አባቶቻችን እንዴት እንዲህ ባለ ነገር ሰው ይቀጡ ነበር እያልን። እኔ ግን ሌባ ሻይ የቀረ አይመስለኝም። የሚጠጣው ልጅ ቀረ እንጂ ጥርጣሬያችን ዛሬም እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሄዶም የሚወድቅበት በር ይታወቃል፤ የተከራዩ በር፣ የሠራተኛዋ በር፣ የጋራዡ ረዳት በር ነው። በባለ መኪናው ወንድም በር ላይ ሲወድቅ አላየሁም።

ስለ ጋራዥ ረዳቶች ካነሣሁ ይህን ሳልል አላልፍም። በየጋራዡ ቁልፍ የሚያቀብሉ፣ ዘይት የሚጠርጉ፣ በመኪና ሥር የሚተኙ ወጣቶች ብዙዎቹ የደመወዛቸው መጠን ከአንድ ሙሉ የቡሶላ ሣጥን ዋጋ ያነሰ ነው። ቁልፍ ሲጠፋ ዋጋው ከደመወዛቸው ይቆረጣል፤ ማን እንደ ጣለው ሳይጠየቅ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ብረት የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸማ የሚሠራውን ሰው የሚያዋርደው አነጋገር አገር እንደሚጎዳ ስለ ታያቸው። ዘመኑ መኪና ወደ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የገባበት ዘመን ነው። እጁ ዘይት የነካውን ሰው በጥርጣሬ የማየት ልማድ ግን ከመኪናው ጋር አብሮ ወደ ጋራዡ የገባ ይመስለኛል፤ ከሰባራው ብረት ይልቅ እርሱን ማስተካከል ከብዶናል።

«እንዲህ ከሆነ ነገሩን መተው አይሻልም? ቁልፍ ርካሽ ነው፤ ሌላ ገዝቶ ሥራ መቀጠል ነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። ሰው ከመጠርጠር መተው ይሻላል፤ በዚህ እስማማለሁ። ግን መተውም አይቻልም፤ ያልተገኘችው ቁልፍ ያለችው መኪናው ውስጥ ሊሆን ይችላልና። የቺንጋው ጎዳና ላይ ከወደቀች ሞተሩ ሲነሣ ቺንጋውን ትበጥሳለች፣ ወይም በማራገቢያው ተመትታ ራዲያተሩን ትበሳለች። ካንዴላ ተፈትቶ በነበረበት ቀዳዳ ትንሽ ዳዶ ገብታ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ገና ሲዞር ውስጡን ትፈጫለች። ከባትሪው ላይ ተጋድማ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ካገናኘች፣ ወይም ፖዘቲቩን ከመኪናው ብረት ካነካካች፣ እሳት ትረጫለች፣ በቅጽበትም ትግላለች፤ ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጂን ጋዝ በአካባቢው ካለም ባትሪው ሊፈነዳ ይችላል። ቀለበት በጣታችሁ እያለ ባትሪ አትፍቱ፤ ሁልጊዜም መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቱ፣ መጨረሻ ላይም እርሱን እሰሩ።

አንዲት የወደቀች መሣሪያ ምን ያህል ልታደርስ እንደምትችል ለማወቅ አንድ ታሪክ ይበቃል። በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት ዳማስከስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ስሟን የወረሰችው ከሶርያዋ ደማስቆ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 18 ቀን 1980 በዚያ አቅራቢያ፣ ታይታን 2 የተባለ የኑክሌር ቦምብ ተሸካሚ ሚሳይል በቆመበት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የተለመደ ጥገና ይደረግ ነበር። ከአንድ ወጣት ወታደር መሣሪያ ላይ ቡሶላዋ ወልቃ ወደቀች። ከእኛዋ ቁጥር 10 ጋር የምትነጻጸር አልነበረችም፤ ከ3 ኪሎ ግራም በላይ ትመዝን ነበር። ከ20 ሜትር በላይ ወርዳ፣ ነጥራ፣ የሚሳይሉን የነዳጅ ማጠራቀሚያ በሳችው። ነዳጁ ሲፈስ አምሽቶ ሌሊቱን ፈነዳ፤ አንድ ወታደር ሞተ፣ ሌሎች 21 ሰዎች ቆሰሉ። ቦምቡ ከጉድጓዱ ተወርውሮ ውጭ ወደቀ፤ ሳይፈነዳ መቅረቱ የአካባቢውን ሕዝብ አተረፈ። ይህን ሁሉ ያመጣው ሊገድል ያሰበ ሰው አይደለም፤ ከእጀታዋ የተላቀቀች አንዲት ቡሶላ ናት።

በዚህ ምክንያት ሥራቸው የሰው ነፍስ የሚነካ ሰዎች መሣሪያ ይቈጥራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቀዶ ሕክምና የደኅንነት መጠይቅ መሠረት፣ ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት መሣሪያው፣ ጨርቁና መርፌው ተቈጥሮ መሙላቱ በቃል ይነገራል። በአውሮፕላን ጥገና ቤቶች እያንዳንዱ መሣሪያ በቅርጹ ልክ በተቈረጠ ማስቀመጫ ይተኛል፤ አንድ ቅርጽ ባዶ ሆኖ ከታየ ፍለጋው ሳያልቅ አውሮፕላኑ እንዲነሣ አይፈቀድም። ይህ ሥርዐት ሲዘለል የሚሆነውም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ አንድ ኤ380 የመንገደኞች አውሮፕላን 1.25 ሜትር ርዝመት ያለው የናይሎን መሣሪያ በሞተሩ ውስጥ ተረስቶ 34 ጊዜ በርሯል፤ ከመነሣቱ በፊት የጠፋ መሣሪያ ፍለጋው አልተደረገም ነበር። ከአንድ ሰው ቁመት ብዙ የማያንስ ነገር እንዲህ ከተረሳ የጣት ርዝመት ያላት ቁልፍ ብትረሳ ምን ይደንቃል?

ስለዚህ እናንተም ቍጠሩ። ብዙ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ያረጀ ነጭ አንሶላ ከመኪናው አጠገብ አንጥፉ፤ ሥራ ላይ የሚውሉትን መሣሪያዎች ብቻ ደርድሩበትና በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ሥራው ሲያልቅ፣ ኮፈኑ ሳይዘጋ፣ ሞተሩም ሳይነሣ፣ ፎቶውን ከአንሶላው ጋር አስተያዩ። የተፈቱትን ብሎኖች በትሪ ወይም በቆርቆሮ ጣሳ አስቀምጡ። ለቀዳዳ መክደኛ ያደረጋችሁት ጨርቅ ካለ እርሱም ይቈጠር፤ ጨርቅ ከቁልፍ ይልቅ ይረሳል። በእያንዳንዱ ቁልፍ እጀታ ላይ ቀይ ቀለም ብትቀቡ፣ የጥፍር ቀለምም ቢሆን፣ ከጥቁሩ ሞተር ውስጥ ለመለየት ይረዳል፤ እኅቶቻችን ለዚህ የሚሆን ትርፍ ቀለም አያጡም። ዋናው ግን ቈጠራውን ለማን እንደምትሰጡ ነው። መብራት ለሚይዝላችሁ ልጅ ስጡት። ስትጀምሩ እርሱ ይቍጠር፣ ስትጨርሱም እርሱ ይቍጠር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። አንድ ብትጎድል ፍለጋውን የሚመራው እርሱ ይሁን። ቈጠራ ቁልፏን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ይጠብቃል፤ የቈጠረ ሰው የሥራው ባልደረባ እንጂ የሥራው ተጠርጣሪ አይሆንም። ጎረቤቴ ያን ቅዳሜ ከሥራው በፊት ይህን አድርጎ ቢሆን ኖሮ፣ መከለያውን የሚያስፈታው ያው ልጅ ነበር።

ተውሳችሁ የጠፋባችሁ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጨከን ብዬ ልናገር። በሰፈር መሣሪያ መዋዋስ የቆየ ልማድ ነው፤ አንዱ ክሪክ አለው፣ አንዱ የቡሶላ ሣጥን አለው፣ አንዱ ደግሞ ማንም የሌለው ልዩ መፍቻ አለው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 22 ስለ ውሰት የተሰጠ ሕግ አለ፤ የተዋሰው ነገር ባለቤቱ በሌለበት ቢጎዳ ተዋሹ ይከፍላል፤ ባለቤቱ አብሮት ሳለ ቢሆን ግን አይከፍልም። ይህ ድንቅ ሚዛን ነው። አብሮ የሠራ ሰው ጉዳቱን አብሮ አይቷልና አይጠይቅም፤ ያልነበረ ሰው ግን ያመነው ፊትህን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትተካለታለህ። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት፣ በዚያ የመኪና መለዋወጫ መደብሮች የመሣሪያውን ዋጋ በመያዣ ተቀብለው ያውሳሉ፤ መሣሪያው ሲመለስ ገንዘቡም ይመለሳል። በእኛ ዘንድ መያዣው ገንዘብ ሳይሆን ሰላምታ ነው። ቁልፉን ያልመለሰ ሰው በመንገድ ማዶ ይሻገራል፤ ባለቤቱም ሁለተኛ ለማንም አያውስም፤ አንድ ቁልፍ በጠፋች ስንት ጎረቤት መሣሪያ ያጣል! የምሳሩ ባለ ዕዳ የጮኸው በዚያው ሰዓት ነው። እናንተም በዚያው ቀን ማታ በር አንኳኩታችሁ «ጋሼ፣ ቁልፍዎ ጠፍታብኛለች፤ እየፈለግሁ ነው፤ ካላገኘኋት እተካለሁ» በሉ። ሳይጠየቁ መናገርና ተጠይቆ መናገር፣ ቃሉ አንድ ቢሆንም፣ በባለቤቱ ልብ የሚያሳድሩት ነገር እጅግ የተለያየ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቴ እጅ ላይ ወደ ነበረችው የዛገች ቁልፍ ልመለስ። ምን ያድርግ? ብዙዎች «ዝም ይበል፤ ልጁም ረስቶታል፤ ሄደዋልም» ብለውታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ክሱ የተነገረው በግቢው መካከል ነው፤ ስለዚህ ማስተባበያውም በግቢው መካከል መነገር አለበት፤ በስልክ፣ በሹክሹክታ፣ በሦስተኛ ሰው አይሆንም። የሰማው ተከራይ ሁሉ ቁልፏን ይያት። ከዚያ ቀጥሎ እናትና ልጅ ያሉበት ሰፈር ተጠይቆ ተሂዶ፣ ቁልፏ በልጁ እጅ ተሰጥታ፣ ይቅርታ ይጠየቃል። ለልጅ ይቅርታ መጠየቅ የሚያሳንሰው አባወራ ካለ፣ ኪሱን ሲፈትሽም ሊያንስበት በተገባ ነበር። ጎረቤቴ ይህን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፤ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ሲሰበሰብ ተናገረ። ልጁን እስካሁን አላገኘውም፤ እየጠየቀ ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ መከለያውን ስትፈቱ የእናንተ ያልሆነ ቁልፍ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። ሰው ደስ ብሎት ወደ ሣጥኑ ይጨምራታል፤ «የመኪናው ምርቃት» እያለ የሚቀልድም አለ። እናንተ ግን ወደ ሻጩ ደውሉና የመጨረሻ ጊዜ የጠገነው ማን እንደ ነበር ጠይቁ። ጋራዥ ከሆነም ወደ ጋራዡ ደውሉ፤ የቁልፏን ቁጥር፣ የተገኘችበትን ቦታና የመኪናውን ታርጋ ንገሯቸው። ስልኩን ያነሣው ሰው በቁልፏ ዋጋ ሊስቅባችሁ ይችላል። ይሳቅ፤ እናንተ ግን ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት በዚያን ጊዜ ቁልፍ ሲያቀብል የነበረው ረዳት ዛሬም እዚያው ይሠራ እንደ ሆነ ጠይቁት።